ጥቁር ቀለም የማይሰጥ መምህር፦ ስለ አንድ የልጆች የክረምት ሥዕል ኮርስ

በሽሮ ሜዳ ክርና ጥለት እሸጣለሁ። ሙያዬን አስቀድሜ የምናገረው ለጉዳዩ ስለሚያስፈልግ ነው። በቀለም ዓይኔ በቀላሉ አይታለልም፤ በገንዘብ ደግሞ እጄ በቀላሉ አይፈታም። ባለፈው ክረምት የ11 ዓመት ሴት ልጄንና የ6 ዓመት ወንድሟን ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው መንገድ አካባቢ በሚገኝ የልጆች የሥዕል ማስተማሪያ ቤት አስመዝግቤ ነበር። የቤቱን ስም አልጠራም። የምጽፈው ልጁን ለእንዲህ ዓይነት ኮርስ ሊያስመዘግብ ላሰበ ወላጅ እንጂ የሰው እንጀራ ለመዝጋት አይደለም።

ክፍያው ለአንድ ልጅ 4,800 ብር ነው። ሐምሌንና ነሐሴን፣ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያስተምራሉ። ለወንድምና ለእኅት ቅናሽ የለም። ጠይቄ ነበር፤ ሥራ አስኪያጇ «እናቴ፣ ቀለሙ እንደሆነ ለሁለቱም እኩል ነው የሚያልቀው» አለችኝ። ነጋዴ ስለሆንኩ መልሱ ገባኝ፤ ስለገባኝ ግን አልወደድኩትም።

በሩ ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ በአረንጓዴ መደብ ላይ በቀይ ፊደል የተጻፈ ነው። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሊያነበው የሞከረ ሰው ፊደሎቹ ሲንቀጠቀጡ ያያል እንጂ የስልክ ቁጥሩን አይለይም። ውስጥ የሚሰጠውን ትምህርት ማስታወቂያውን የሠራው ሰው አልተማረውም ማለት ነው። በዚያው ቀለም የተዘጋጀውን በራሪ ወረቀት በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሲያባዙት ደግሞ ጽሑፉ ጭራሽ ጠፋ። ምክንያቱን ኋላ እመጣበታለሁ፤ የነገረኝም ራሱ የቤቱ መምህር ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ፤ ገንዘቤን ያስረሳኝ እሱ ነውና። ከዚህ በፊት ልጄን የላክሁባቸው ኮርሶች ሁሉ ፎቶ ኮፒ የተደረገ አበባና ቢራቢሮ እየሰጡ «ከመስመር ሳትወጡ ቀቡ» የሚሉ ነበሩ። ይህኛው ቤት ከስምንቱ ሳምንት አብዛኛውን ያዋለው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ በተቃራኒ ቀለማት። ሠዓሊዎች ቀለማትን በክብ ይደረድራሉ። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ በሦስት ማዕዘን ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ከእነሱ የተወለዱት ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ይገባሉ። በዚህ ክብ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩት ናቸው ተቃራኒ የሚባሉት፦ ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከብርቱካናማ፣ ቢጫ ከሐምራዊ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይደማመቃሉ፤ ሲቀላቀሉ ይገዳደላሉ። ጉዳዩ ይኸው ነው። ብዙ ቦታ ክቡን ግድግዳ ላይ ይሰቅሉና ልጆቹን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ያሸመድዱታል። የሸመደደ ልጅ ፈተና ያልፋል፤ ብሩሽ ሲይዝ ግን ምንም አያውቅም።

መምህሩ ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ወላጆች እንድንቀመጥ ተፈቅዶልን ነበርና አየሁት። ማንም ልጅ ምንም አልሣለም። በነጭ ወረቀት መካከል ደማቅ ቀይ ክብ ለጠፈ፤ «እስከ 30 እስክቆጥር ዓይናችሁን ከክቡ እንዳታነሡ» አለ። ቆጥሮ እንደጨረሰ ቀዩን ክብ ነቅሎ አነሣው። በባዶው ወረቀት ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ክብ ቦግ አለ። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። ትንሹ ልጄ ከወንበሩ ወርዶ አረንጓዴው የተደበቀበትን ሊፈልግ ወረቀቱን ገለበጠው። መምህሩም ያስረዳቸው ልጆቹ ካዩት በኋላ ነበር፤ በዓይናችን ውስጥ፣ በስተኋላ በኩል፣ ቀለምን የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ፤ ለቀይ የሚበረቱት ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ ይደክማሉ፤ ነጭ ወረቀት ሲመጣ ያልደከሙት ስለሚያይሉ የቀዩ ተቃራኒ ይታያል። «አረንጓዴውን እኔ አልሣልኩትም፤ የራሳችሁ ዓይን ሣለው» አላቸው። ከዚያ በኋላ ተቃራኒ ቀለም ከመምህር የመጣ ሕግ ሳይሆን በዓይናቸው የያዙት ነገር ሆነላቸው። እቤት ውስጥ የቀረ ቀይ ነገር አልነበረም፤ በርበሬ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የአባታቸው ሹራብ፣ ሁሉም ላይ አፈጠጡ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ቅሬታ ተነሣ። ለልጆቹ የተሰጣቸው ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ ብቻ ነው፤ ጥቁር የለም። አንዲት እናት «ከፍለን ቀለም ይጎድላል እንዴ?» ብላ ተቆጣች፤ ሌሎችም አገዟት። መምህሩ ቆጥቦ አይደለም። ጥቁር ያለው ልጅ ጥላ መሥራት በፈለገ ቁጥር ጥቁር ይጨምራል፤ ቀለሙም አመድ ይሆናል። ጥቁር የሌለው ልጅ ግን ተቃራኒውን ለመፈለግ ይገደዳል። ከጉልት የተገዛ ቲማቲም በመስኮቱ አጠገብ በነጭ ወረቀት ላይ አኖረላቸው። ብርሃን የማያገኘውን ጎኑን ለመሣል ከቀዩ ላይ ጥቂት አረንጓዴ ጨምሩ አላቸው። ውጤቱን አይቼዋለሁ፤ ጎኑ ጠቆር ያለ፣ ግን ደም ያለው ቀይ። ልጄ በሌላ ቀን እቤት ውስጥ በጥቁር ሞክራ ያው ቲማቲም ምጣድ ላይ የተረሳ መሰለ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣ ለአባቷ ያስረዳችበት አነጋገር የመምህሩ ነበር፤ እኔ ግን ከቃሉ ይልቅ ልዩነቱን በዓይኗ መያዟን ወደድኩ።

ለትንንሾቹ ያዘጋጀው ደግሞ የጭቃ ጨዋታ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ቀለም ሲሰጡት ሁሉንም ይቀላቅልና ጭቃ ያደርገዋል፤ ወላጅም መምህርም ይቆጣል። ይህ መምህር ጭቃውን ትምህርት አደረገው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ማንኪያ ቀይ ሰጠና አረንጓዴ በጠብታ እንዲጨምሩበት አዘዘ። አሸናፊው «ቀይ ነው» ወይም «አረንጓዴ ነው» ለማለት የማይቻል ግራጫ ላይ የደረሰ ነው። አንድ ጠብታ ካለፈ ወደ አረንጓዴ ይዞራል፤ ሊመለስ የሚችለው ቀይ በመጨመር ብቻ ነው። ልጄ ይህን ጨዋታ ሌላ ነገር ሁሉ ትቶ ቢጫወተው ደስ ይለው ነበር። ሁለት ነገር ሲገዳደል ማየት ለወንድ ልጅ ከአበባ ይበልጥበታል መሰለኝ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከእኛ ቤት ሄደ። እቤት ያለው ከመርካቶ የተገዛ ባለ 12 ደረቅ የውሃ ቀለም ነው። ልጆቹ ቀይና ሰማያዊ ሲያቀላቅሉ በክቡ ሕግ መሠረት ሐምራዊ መውጣት ሲገባው የሚወጣው የጉበት ቀለም ሆነ። ልጄ የቀለሙን ሳጥን ይዛ ሄደች። መምህሩ ቀዩን በነጭ ወረቀት ላይ አቅጥኖ ቀባና «ተመልከቺው፣ ወደ ብርቱካን ያደላል» አላት። ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ውስጡ ቢጫ አለው፤ ቢጫ ደግሞ የሐምራዊ ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ ሐምራዊው ሳይወለድ ይሞታል። መፍትሔው ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ መፈለግ ነው፤ ማተሚያ ቤቶች ማጀንታ የሚሉት። የእነሱ ሦስት መነሻ ቀለማትም ሳያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታና ቢጫ ናቸው፤ የኮምፒውተር ማተሚያ ያለው ሰው ሁሉ ካርትሬጅ ሲቀይር ያያቸዋል። ለልጁ የውሃ ቀለም የሚገዛ ወላጅ ይህን አንድ ነገር ቢይዝ ይጠቅመዋል። የሣጥኑ ባለ 12 ወይም ባለ 24 መሆን ብዙ ለውጥ የለውም፤ በውስጡ ሁለት ዓይነት ቀይ መኖሩን ይይ፤ አንዱ ወደ ብርቱካን፣ አንዱ ወደ ሮዝ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ የመጣበትን ልንገራችሁ። ልጆቹን ለመውሰድ ቀደም ብዬ የደረስኩበት አንድ ቅዳሜ፣ መምህሩ ስለ አንድ ፈረንሳዊ ኬሚስት ሲያወራ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ሰውየው ሚሼል ሼቭረል ይባላል። በ1824 በፓሪስ ጎብለን በሚባለው የመንግሥት የሥዕላዊ ምንጣፍ ሽመና ቤት የቀለም ነከራው ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሸማኔዎቹ አንድ አቤቱታ ነበራቸው፤ «ጥቁሩ ክር ደካማ ነው፤ በሰማያዊና በሐምራዊ ልብስ ላይ ጥላ ስንሠራበት ይገረጣል»። ሼቭረል ክሩን ከሌላ ቦታ ከመጣ ጥቁር ጋር አስተያየው። ነከራው ምንም አልጎደለውም። ችግሩ ጎረቤቱ ነበር። ሰማያዊና ሐምራዊ አጠገባቸው ባለው ክር ላይ የራሳቸውን ተቃራኒ ያጠሉበታል፤ ጥቁሩም ወደ ብርቱካንና ወደ ቢጫ የሚያደላ ጭጋግ ይለብስና የደከመ ይመስላል። ይህን አጥንቶ በ1839 አሳተመው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ ሠዓሊዎችም ብዙ ተጠቅመውበታል። ሰውየው 102 ዓመት ኖሯል። ክር የሚመለከት ሰው ዕድሜው ይረዝማል እያልኩ ለደንበኞቼ እነግራቸዋለሁ።

እኔ ሱቅ ውስጥ የሸማኔዎቹ አቤቱታ በየሳምንቱ ይመጣል። አንዲት ደንበኛ አረንጓዴ ክር ትገዛለች፤ በማግስቱ ተመልሳ «እትዬ፣ ያሳየሽኝ ይህን አልነበረም» ትላለች። ክሩ ያው ነው። ሱቅ ውስጥ ያየችው ከቀይ ክር አጠገብ ተሰቅሎ ነው፤ ቀዩ አድምቆት ነበር። እቤቷ ወስዳ ከሌላ የበለጠ አረንጓዴ ጨርቅ ጋር ስታስተያየው ደበዘዘባት። እናቴ በዚሁ ንግድ ላይ ሳለች ክሩን ደንበኛዋ ባመጣችው ጨርቅ ላይ ዘርግታ በር ላይ በፀሐይ ብርሃን ካላሳየች አትሸጥም ነበር፤ እኔም ያንኑ አደርጋለሁ። ምክንያቱን ግን ጠይቄም አላውቅ፣ የነገረኝም አልነበረም። ልጄ በዚያ ቀን ማታ ሱቅ ገብታ፣ አንዱን ግራጫ ክር ከፍላ ግማሹን በቀይ ጨርቅ ላይ፣ ግማሹን በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው። በቀዩ ላይ ያለው አረንጓዴማ፣ በአረንጓዴው ላይ ያለው ቀላ ያለ ሆነ። ሠራተኛዬ ሁለቱን ክሮች አንሥታ እስክታገናኛቸው ድረስ አንድ መሆናቸውን አላመነችም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር መምህሩን ያስወደደኝ ነው። ልጄ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሱቅ የተራረፈ ክር ይዛ ሄደች። ሌላ መምህር ቢሆን «ይህ የሥዕል ክፍል ነው» ብሎ ያስቀምጣት ነበር። እሱ የዕለቱን ትምህርት ትቶ በክሩ ላይ አስተማረ። ቀይና አረንጓዴ ክር በወፍራም መስመር ጎን ለጎን ሲለጠፍ ዓይን ይወጋል። በቀጭኑ፣ አንድ ቀይ አንድ አረንጓዴ እየተፈራረቀ ሲለጠፍና ከክፍሉ ጫፍ ሲታይ ግን ቀይም አረንጓዴም የለም፤ የደረቀ ቡናማ ነው። ዓይን ከሩቅ መስመሮቹን መለየት ሲያቅተው ራሱ ይቀላቅላቸዋል። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ጥለት ሲሠሩ በቀይና በአረንጓዴ መካከል ቢጫ ወይም ጥቁር ማግ የሚያስገቡበት ብልሃት እዚህ ጋ ይገባል፤ ሁለቱ እንዳይነካኩና እንዳይበላሉ ይጠብቃቸዋል። አንድ ልጅ ተነሥቶ «ባንዲራችን ላይም ቢጫው መሐል ነው» አለ። ትክክል ነው።

ባንዲራው ከተነሣ ልጄ ዝም አትልም። «ቢጫ ፊት ለፊቱ ሐምራዊ ከሆነ፣ ቢጫው ኮከብ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ለምን እንዲህ ጎልቶ ይታያል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ብዙ አስተማሪ ይሸሸዋል። መምህሩ ክቡ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ነገራት። ቀለም በሚቀላቀልበት ሠሌዳ ላይ የቆየው የሠዓሊዎች ክብ ይሠራል። በብርሃን ግን መነሻዎቹ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው፤ በዚያ ክብ ላይ ቢጫ የሚተያየው ከሰማያዊ ጋር ነው። ከዚያ በስልኩ ነጭ ገጽ ከፍቶ በጣቱ ጫፍ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች የውሃ ጠብታ አኖረበት። ጠብታዋ አጉልታ ስታሳይ ነጩ ገጽ የተሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ነጥቦች መሆኑ ታየ። ይህን እናንተም አሁኑኑ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ውሃው ትንሽ ይሁን ብቻ፣ ስልክ ውድ ነው።

የበራሪ ወረቀቱ ነገርም በዚሁ ጊዜ ተፈታ። መምህሩ ልጆቹ የሠሯቸውን ሁለት ሁለት ሥዕሎች በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አስደረገ፤ አንዱ ቀይ አበባ በአረንጓዴ ቅጠል ላይ፣ አንዱ ቢጫ አበባ በሐምራዊ መደብ ላይ። የመጀመሪያው ጠፋ፤ ሁለተኛው ጉልህ ብሎ ወጣ። ቀይና አረንጓዴ በቀለም ቢራራቁም በብርሃናቸው መጠን ሊተካከሉ ይችላሉ፤ ማሽኑ ሁለቱንም አንድ ግራጫ ያደርጋቸዋል። ቢጫ ግን ብሩህ፣ ሐምራዊ ጨለማ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳ የምታሠሩ ነጋዴዎች ልብ በሉ። (ሥራ አስኪያጇም ልብ ብትል ጥሩ ነበር፤ ሰሌዳው እስካሁን እንደተሰቀለ ነው።)

በዚያው ሙከራ ላይ መምህሩ ያስተዋለው ሌላ ነገር አለ። አንድ ወንድ ልጅ ከመጀመሪያውም ቀይ አበባና አረንጓዴ ቅጠል ሲለይ ይቸገር ነበር፤ ቀለም የሚመርጠው የጠርሙሱን ቦታ በማስታወስ ነበር። መምህሩ በክፍሉ ፊት አንድም ቃል ሳይናገር አባትየውን ለብቻ ወስዶ ወደ ዓይን ሐኪም እንዲሄዱ መከራቸው። ቀይና አረንጓዴን ያለመለየት ነገር በዘር የሚወረስና ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ለዚያ ልጅ ከዚያ በኋላ በጠርሙሶቹ ላይ የቀለሙን ስም ጻፈለት፤ ሰማያዊና ብርቱካናማን፣ ቢጫና ሐምራዊን እንዲሠራ መራው። አባትየው እኔ ሱቅ መጥተው ነው ያጫወቱኝ፤ በትምህርት ቤት ለዓመታት «ሰነፍ» ሲባል የኖረ ልጅ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ። አንድ መምህርና አንዲት ረዳት ከ20 በላይ ልጅ ይዘዋል። በራሪ ወረቀቱ «አነስተኛ ክፍል» ነበር የሚለው። ከ5 ዓመት እስከ 13 ዓመት ያሉት ሁሉ በአንድ ክፍል ናቸው። የጭቃ ጨዋታው ለትንንሾቹ ደስ ይላል፤ ስለ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሲወራ ግን የእኔው ትንሽ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የጫማ ክር ያስራል። የሰው ጫማ። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ደግሞ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ካርቱን ያያሉ። ለካርቱን እቤቴም አለኝ።

ወረቀቱ ከሁሉ ያበሳጨኛል። «መሣሪያ በክፍያው ውስጥ ነው» ተብሎ የተሰጠው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው፤ ባለ 80 ግራሙ። ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ ደጋግመው ሲያሹት ይላጣል። ተቃራኒ ቀለምን በጠብታ የሚያቀላቅል ልጅ ወረቀቱ ውሃውን ካልቻለለት ያንን ስስ ለውጥ ሊያየው አይችልም። ለልጆች የውሃ ቀለም ቢያንስ 200 ግራም የሆነ ወፍራም ወረቀት ያስፈልጋል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የራሴን ገዝቼ ላክሁ። ውሃ በጠፋ ቀን ደግሞ ብሩሽ ሁሉ የሚታጠበው በአንድ ባልዲ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ የታጠበበት ውሃ ግራጫ ነው፤ በዚያ የተነከረ ብሩሽ ቢጫን ገና ወረቀት ሳይነካ ይገድለዋል። መምህሩ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ኩባያ ይጠይቅ ነበር፤ አንዱ ማጠቢያ፣ አንዱ ንጹሕ። የሁለት ኩባያ ዋጋ ስንት ነው?

በነሐሴ መጨረሻ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ተሠራ። በየዓመቱ ልጆች በደብተር ወረቀት ላይ ፀሐይና መላእክት እየሣሉ ለጎረቤት የሚሰጡትን ታውቃላችሁ። መምህሩ ዘንድሮ አደይ አበባን በሐምራዊ መደብ ላይ አሠራቸው። ልጄ ሐምራዊውን በሰፊው ቀብታ፣ በአበባዎቹ ዙሪያ ጥቂት ግራጫ አድርጋ ቢጫው ብቻውን እንዲጮህ ትታዋለች። ጥቂት ቢጫ በሰፊ ሐምራዊ ላይ፤ እኩል አላደረገቻቸውም። ይህን መጠን ማወቅ እኔ ለሠራተኞቼ በዓመታት የማስተምረው ነው። ወንድሟ በበኩሉ ሰማዩን ቢጫ፣ ፀሐይዋን ሐምራዊ አደረገ። ተገልብጧል ስለው «ያው ፊት ለፊት ናቸው» አለኝ። አንዲት ጎረቤታችን ሥዕሉን ተቀብለው «ፀሐይዋ ምነው ታማለች?» ብለውት ገንዘቡን ግን አልከለከሉትም።

ችግሩ የወላጆች ዕለት መጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች በአንድ እጅ የተሣሉ ይመስላሉ፤ የአበባዎቹ ቅጠል ሁሉ እኩል፣ ጫፋቸው ሁሉ የተስተካከለ። ረዳቷ «ለወላጅ እንዲያምር» ብላ አርማቸዋለች። ልጄ ሥዕሏ ፊት ቆማ «ይህ ጎን የእኔ አይደለም» አለች፤ በግራጫው ቦታ ላይ ጥቁር መስመር ተጨምሮበት ነበር። ጥቁር! ለሁለት ወር የተከለከለው። መምህሩን አየሁት፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከተ። ፍሬም የሚፈልግ 600 ብር ይጨምር ተብሎ ነበር። አልጨመርኩም። ከእጇ ያልወጣ መስመር ያለበት ሥዕል በነጻም ቢሆን አልሰቅልም፤ ወንድሟ የሣላት የታመመችዋ ፀሐይ ሁለተኛ ቅጂ ናት ሳሎን ያለችው፤ በማጣበቂያ ፕላስተር ተለጥፋ።

ልጃችሁ 8 ዓመት ካለፈው፣ እንዲህ ያለ መምህር ካገኛችሁ ክፈሉ። ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ ግን ክፍሉ በዕድሜ ካልተከፈለ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ቀይ ክቡን፣ የጭቃውን ጨዋታና የቲማቲሙን ጥላ እቤት ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት የትኛውም ቤት ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጆቹ ቀለሙን ራሳቸው ይቀላቅላሉ ወይስ የተቀላቀለ ይሰጣቸዋል? ወረቀቱን አምጡና ልዳስሰው። በልጄ ሥዕል ላይ ሌላ ሰው ብሩሽ ያሳርፋል? በሦስተኛው ላይ የሚያመነታ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ሥራ አስኪያጇ ለመጪው ክረምት ክፍያው እንደሚጨምር ነግራኛለች። እኔም ልጄን የማስመዘግበው ያው መምህር ካለ ብቻ እንደሆነ፣ ወረቀቱንም ራሴ ስለማመጣ ዋጋው እንዲቀነስልኝ ነግሬያታለሁ። «አስብበታለሁ» ብላለች። እኛ ሱቅ ውስጥ እንዲህ የሚል ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይገዛል፤ እሷ ግን ሻጭ ናትና አላውቅም።